ሦስት ጎማና አንድ ድንጋይ

የከፍያለውን መሞት ከሰው አፍ ቀድሞ የነገረኝ ጎማ ነው።

ጠዋት ነበር። ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ በረንዳው ላይ ምስር እለቅማለሁ። የነሐሴ ጉም ከጦሳ ተራራ ላይ ገና አልተነሣም። አንዲት ፒክአፕ በሰፈራችን ቁልቁለት እየተንፏቀቀች መጣች። የጎሚስታ ሚስት ሆኜ ስለ ኖርኩ መኪና ሲመጣ እግሩን እንጂ ፊቱን አላይም። የፊት ግራው ጎማ ተልጦ ክሩ ወጥቷል። የኋላዎቹ ሁለቱም ሆዳቸውን አውጥተዋል፤ ጭነት አለ ማለት ነው። ጭነት የያዘ መኪና ደግሞ በደጃችን ሲያልፍ ኩሬውን ረግጦ ጭቃውን አጥራችን ላይ ይረጨዋል። ይቺ ግን ኩሬው ጋ ስትደርስ ቀስ ብላ ዞረችው። በዚህ ከተማ ለቁም ሰው እንዲህ ተጠንቅቆ የሚነዳ ሾፌር አይቼ አላውቅም። ሰፌዱን አስቀመጥኩ።

ከጋቢናው የከፍያለው ታናሽ ወንድም ዓለማየሁ ወረደ፤ ኮምቦልቻ ነው የሚኖረው። ቀጥላ የኮምቦልቻዋ ነጋዴ ሸሪፋ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ወረደች። ጎረቤቴ ባይነሽ ከየት እንደ መጣች ሳላይ ክንዴን ይዛኛለች።

«እትዬ ሙሉ፣ ጋሼን ትናንት ትንሽ አሞት...» ብሎ ጀመረ ዓለማየሁ፤ እንደ ወጉ ቀስ በቀስ ሊያደርሰኝ።

«በዚህ ጎማ የሐረጎን ዳገት አወጣችሁት?» አልኩት።

ከፍያለው ቢያየው ኖሮ በዚያ ጎማ እንኳን ሐረጎን ሰኞ ገበያንም አይሻገርም ነበር። ግን ወጥቷል። ሬሳው ከኋላ በጋቢ ተሸፍኖ፣ ዙሪያውን ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ከእግሩ ሥር አንድ የመኪና ጎማ ተጋድሟል። ስለዚያ ጎማ ነው የምጽፈው። ስለ ሰውየው ለመጻፍ ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

ባሌ ከፍያለው ደሴ፣ ሸዋ በር አጠገብ ጎማ ይጠግን ነበር። ሱቁ አንድ የውሃ ገንዳ፣ አንድ ክሪክ፣ በእጅ የሚገፋ መንፊያና ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ አሮጌ ከመነዳሪዎች ነበሩት። ስሙ የወጣው ግን በሞቱ መኪኖች ነው። ደሴ ውስጥ የወደቀ መኪና የሚሸጥም የሚገዛም እሱን ሳይጠራ ዋጋ አይቆርጥም። ሲጠሩት ባልዲና ብሩሽ ይዞ ይሄዳል። ሞተሩን ከፍተው ሲያሳዩት «ዝጉት፣ አቧራ ይገባበታል» ይላል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን በየተራ ያጥባል። በዚህ የተነሣ «እግር አጣቢው» ይሉት ነበር። ጴንጤ መሆናችንንም ስለሚያውቁ ስሙ ሁለት ጊዜ ያስቃቸዋል።

አንድ ቀን ለሸሪፋ ላንድሮቨር ሲገምት አብሬው ነበርኩ፤ ከገበያ ስመለስ ነው ያገኘኋቸው። ሸሪፋ አሮጌ ጎማ እየቆረጠች የጎማ ጫማ ታሠራለች፤ የወደቀ መኪናም ትገዛለች። ሻጩ ካሳዬ የሚባል ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው።

«ይኼ ሞተር» አለ ካሳዬ ክዳኑን በመዳፉ እየመታ፣ «የእንግሊዝ ሞተር ነው። አንዴ ከተነሣ አሥመራ ካልደረሰ አይቆምም።»

«የሚነሣበትን ቀን ነግሮሃል?» አለችው ሸሪፋ።

ከፍያለው አልሳቀም፤ ሲሠራ አይስቅም። ጎማውን በብሩሹ ሲፈገፍገው ጥቁር ነገር እየለቀቀ ባልዲው ውስጥ ተንሳፈፈ።

«ጥላሸት ነው» አለ።

«ጥላሸት እዚያ ምን ይሠራል?» አለ ካሳዬ።

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅህ።»

ጥላሸቱ ተጠርጎ ሲያልቅ ጎማው እንደ በጋ መረሬ መሬት ተሰነጣጥቆ ታየ። ካሳዬ ተናደደ።

«አንተ ሰው፣ መኪና ልትገምት ነው የመጣኸው ወይስ ዛሬ ጸሎተ ሐሙስ ነው?»

«አያ ከፍያለው» አለች ሸሪፋ፣ «ወላሂ ቸኩያለሁ። በእግሩ ይወርዳል ወይስ አይወርድም?»

የሥራው ጥያቄ ሁሉ ይህች ነበረች። ደሴ ላይ የወደቀ መኪና ገዢው ታች ኮምቦልቻ ነው፤ በመካከል ሐረጎ አለ። «ለቁልቁለት ሞተር ምን ያደርጋል?» ይል ነበር ከፍያለው። መሪው ከታዘዘና ጎማዎቹ ጤነኛ ከሆኑ ሐረጎ ራሱ ይነዳዋል፤ ሾፌሩ ከመያዝ በቀር ሥራ የለውም። ጎማው ከሞተ ግን ሌላ የጭነት መኪና መለመን፣ ጎበዝ ሰብስቦ ማሸከም ይመጣል፤ ብረቱ የሚያወጣውን ተሸካሚው ይበላዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የመኪናው ዋጋ ግማሽ ከዚያ ከባልዲው ውሃ ጋር ይደፋ ነበር።

ጎማን ሦስት ቦታ ነው የሚከፍለው፦ ሕያው፣ ሕመምተኛ፣ ሬሳ። ሕያው የሚባለው ጥርሱ ያላለቀ፣ ጎኑ ያልተሰነጠቀ ነው፤ አዲስ ጎማ በፈቃድና በወረፋ በሚገኝበት ዘመን እንዲህ ያለ ጎማ ከተሸከመው መኪና በላይ ይፈለጋል። ሕመምተኛው ነፋስ ይይዛል፤ አንድ ጊዜ ሐረጎን አውርዶ ያርፋል። ሬሳው ለሸሪፋ ጫማ ወይም ለጉድጓድ ውሃ መቅጃ ነው። የጎማውን ብረት፣ ቸርኬውንም፣ መሬት ላይ አንከባልሎ ያየዋል፤ ሲሄድ ከተወላገደ በሚዛን የሚሸጥ ብረት ነው እንጂ ቸርኬ አይደለም። መኪናው ለብዙ ጊዜ በተነፈሰ ጎማ ላይ ቆሞ እንደ ሆነም ያውቃል። «አንድ ጎን ተኝቶ የከረመ በሽተኛ ጀርባው ይቆስላል» ይላል።

ሁልጊዜ ልክ ነበር ብዬ አልዋሽም። አንዴ አራት ሕያው ጎማ ያለው ኦፔል አግኝቶ በደስታ ፍሬኑን ሳያይ አሳለፈው። መኪናው የሐረጎን ሁለተኛ ጥምዝ አልፎ የሰው ገብስ ውስጥ ገብቶ ቆመ፤ ሾፌሩ እግዚአብሔር ይመስገን ዘሎ ተርፏል። ከፍያለው ቦታው ድረስ ወርዶ አይቶ ተመለሰ። «ጎማዎቹ ግን ምንም አልሆኑም» አለኝ።

የራሳችንን መኪና የገዛው ለጎማዎቿ ሲል ነው። አረንጓዴ ፊያት ሚሌቼንቶ ናት፤ ሞተሯ ከሞተ ቆይቷል። ጎማዎቹን ነቅሎ ብረቷን ሊሸጥ አስቦ ጓሯችን ድረስ አስገፍቶ አመጣት። ከዚያ ክሪኩን ይዞ ሲወጣ አየዋለሁ፤ መኪናዋን ይዞራታል፣ ተመልሶ ይገባል። «የዚችን እግር መንቀል ግፍ ነው» አለ። እናቴ ያን ጊዜ ኮምቦልቻ ነበረች። አንድ ቀን ሐረጎን በዚች ይዞኝ ሊወርድ ቃል ገባልኝ፤ ያለ ሞተር ድምፅ፣ ነፋሱን ብቻ እየሰማን።

በኋላ ጸሎት ቤታችን ታሸገና የስብሰባ አዳራሽ ሆነ። ሰው ቤት ውስጥ ስንሰበሰብ ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚል ዓይን በረታ። መኪና ውስጥ የሚቀመጥን ሰው ግን ማንም አይጠረጥርም፤ ይሥቅበታል እንጂ። እሑድ እሑድ ከፍያለው መሪው ጋ፣ እኔ አጠገቡ፣ ባይነሽ ከኋላ ሆነን መስታወቱን እንዘጋለን። ከፍያለው መሪውን እንደ ያዘ መዝሙረ ዳዊት በቃሉ ይላል፤ እኛ በዝግታ አሜን እንላለን። ስንወጣ ሌላዋ ጎረቤታችን አጥሩ ላይ ሆና ትጠብቀናለች።

«ዛሬስ የት ደረሳችሁ?»

«ሩቅ» ይላታል ከፍያለው።

«ሐይቅን አለፋችሁ?»

«ኧረ ብዙ አለፍን!»

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት የሚሠራ መኪና ሁሉ ለዘመቻ እንዲመዘገብ ተነገረ። የኛዋ አትሠራም፤ ግን አራት ሕያው ጎማ አላት። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጎማ ያለውን መኪና ሞተር ፈልገው ያስገቡለታል እንጂ አይተዉትም። ከፍያለው ለሰው ሲያስተምር የኖረው ነገር በራሱ ላይ መጣ፤ ጎማዋ ጥሩ ስለ ሆነ መኪናዋ ልትወሰድብን ነው። አንድ ቀን ጎማዎቹን ነቀላቸውና አራት ድንጋይ ላይ አቆማት። ያን ዕለት ራት አልበላም።

ጎማዎቹ ግቢያችን ቢገኙ ያው ስለ ሆነ አከፋፈላቸው። አንዱን ገራዶ ላሉት አብሮ አደጉ ለመምሬ ወልደ ሚካኤል አደራ ሰጠ። አንዱን የውሃ በርሜላችን ሥር አስገባንና መቀመጫ ሆነ። ሁለቱን ወደ ሸሪፋ ላከ። የወሰደላት ሾፌር እንዳይጠረጥር ብሎም ነገሩን ሸፈን አደረገው፦ «ሁለት እግር ልኬልሻለሁ በላት፤ እሷ ታውቃለች።» በከፍያለው አፍ እግር ማለት ጎማ ነው። ሸሪፋ ታውቃለች ብሎ ያሰበው ይህን ነው።

ጎማው ከተነቀለ በኋላ ማንም ስለ መኪናዋ ሳይጠይቀን አንድ ዓመት ያህል አለፈ። እሑዳችን እንደ ቀድሞው ሆነ፤ እንዲያውም ድንጋዩ ላይ ስለ ቆመች አትነቃነቅም። በሰባ ዘጠኝ ክረምት ላይ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ደምመላሽ ጥበቃውን ቀለሙን አስከትሎ ወደ ጓሯችን መጣ። ደምመላሽ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ የብስክሌቱን ከመነዳሪ ከፍያለው እየለጠፈለት ነው ያደገው። ቀለሙ በአንድ እጁ ጠመንጃ፣ በሌላው የቀለም ቆርቆሮና ብሩሽ ይዟል።

«ጋሽ ከፍያለው፣ ይኼ ምንድን ነው?» አለ ደምመላሽ።

«መኪና ነው።»

«ይሄዳል?»

«አይሄድም።»

«ጎማ አለው?»

«የለውም።»

«በር?»

«አራት አለው።»

«ጣራው ያፈሳል?»

«ጠብ አይልም» አለ ከፍያለው። ጥሩ ዕቃን ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም ነበር።

«ሰው ይቀመጥበታል ይባላል።»

ባይነሽ እኔን አየችኝ፤ እኔ መሬት አየሁ።

«እሑድ እሑድ ከባለቤቴ ጋር አረፍ እንልበታለን» አለ ከፍያለው። ይህም ሐሰት አይደለም።

«እንግዲህ ይመልከቱ» አለ ደምመላሽ፤ ሲከፋው እርስዎ ይላል። «በር አለው፣ ጣራ አለው፣ ሰው ይቀመጥበታል፣ አይንቀሳቀስም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው። እናንተ ደግሞ የምትኖሩበት ቤት አላችሁ። ስለዚህ ይኼ ትርፍ ቤት ነው።»

ቀለሙ ቆርቆሮውን ከፈተ። «ቁጥሩን በሩ ላይ ነው ጣራው ላይ የምጽፈው?»

በኋላ እንደ ተረዳነው ነገሩን ያነሣው ቀለሙ ነው። ሙሉ ክረምት የቀበሌው በር ላይ ዝናብ ሲመታው ይውላል፤ መኪናችን ለጥበቃ ቤት ትስማማለች ብሎ አመለከተ። አልፈረድኩበትም። ሆኖም መኪናዋ ከተወሰደች እኛ ከአሜን ጋር የምንገናኝበት ቦታ አልነበረንም። ሌላው የሚያስቀው ነገር ደግሞ ደምመላሽ ሳያውቅ እውነት መናገሩ ነው፤ ቤት ነበረች። ይህን ግን ልናመሰግነው አንችልም።

«ደምመላሽ፣ ልጄ» አለ ከፍያለው፣ «ጎማ ቢኖራትስ?»

ደምመላሽ አሰበ። «ከተንቀሳቀሰ መኪና ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ ቤት ነው። እስከ አብዮት በዓል ታንቀሳቅሰዋለህ።»

ሲወጡ ከፍያለው አልሸኛቸውም። ቀለሙ በቆመበት ቦታ ጭቃው ላይ ጎንበስ ብሎ ቀረ።

«ሙሉ፣ ይህን ጥርስ አውቀዋለሁ» አለኝ።

አውሬ የገባ መስሎኝ ደነገጥኩ። ጭቃው ላይ የታተመው የቀለሙ ጫማ ነበር። የጎማ ጫማ ነው፤ ጥርሱ ሳያልቅ የተቆረጠ። በእኛ ጎማ ነበር የቆመብን።

የደከመ ሰው ቢሆን እዚያው ይቀመጥ ነበር። እሱ ግን በማግሥቱ ኮምቦልቻ ወርዶ ሸሪፋን ጠየቃት። የሆነውን እሷ ራሷ ኋላ ስትነግረኝ እያለቀሰችም ያሥቃት ነበር።

«አያ ከፍያለው፣ ‹እግር ልኬልሻለሁ› አልክ። እኔ ጫማ ሠሪ ነኝ፤ እግር ቢላክልኝ ጫማ ሳላደርገው ምን ላድርገው? ላልቅስበት?»

«አደራ ነበር እኮ።»

«አደራ መሆኑን አላልክም፤ ‹ታውቃለች› ነው ያልከው። ወላሂ፣ እኔም ይኼ ሰው እንዴት ያለ ደግ ነው፣ ሕያው ጎማ ለጫማ ይሰጣል ብዬ ዱዓ አድርጌልሃለሁ። ጥበቃዎቹ ናቸው ተሻምተው የገዙት። እግርህ ደሴን ሁሉ እየዞረ ነው።»

ቸርኬዎቹን ግን አልጣለቻቸውም ነበርና ሁለቱንም መለሰችለት። ቀጥሎ ገራዶ ሄደ። መምሬ ወልደ ሚካኤል ጎማውን ከቸርኬው ለያይተው፣ ቸርኬውን ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ወይራ ላይ ሰቅለው ደወል አድርገውታል። ጎማው የጥጃ ውሃ መጠጫ ሆኗል።

«ከፍያለው ወንድሜ፣ ቸርኬውንስ አልሰጥህም» አሉት። «ሕዝቡ ለምዶታል። አንተ ከኛ ወጥተህ ብትሄድ ንብረትህ ቅዳሴ ይጠራል፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?»

«መምሬ፣ እንግዲያው ጥጃው የሚጠጣበትን ይስጡኝ።»

«እሱን ውሰድ፤ ጥጃው ይፈርድብሃል እንጂ እኔ አልፈርድብህም።»

ከፍያለው አሁን የሚፈልገው ሕያው ጎማ አልነበረም። ሕያው ጎማ ካገባ መኪናዋ ለዘመቻ ትሄዳለች፤ ጎማ ካጣ የቀለሙ ቤት ትሆናለች። መኪናዋን ለኛ የሚያቆያት ሕመምተኛ ጎማ ብቻ ነው፤ የሚቆም፣ ትንሽ የሚሄድ፣ ማንም የማይመኘው። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ጤነኛ ጎማ ሲመርጥ የኖረ ሰው የታመመ ጎማ ፍለጋ ከተማውን ዞረ። ጓደኞቹ ጎሚስታዎች አእምሮው የተነካ መሰላቸው። «የተሻለ አለኝ» ሲሉት «የባሰ የለህም?» ይላል።

ከበርሜሉ ሥር ያወጣነው ውሃ ሲንጠባጠብበት ከርሞ ልክ እንደ ተፈለገው ታሟል። የገራዶውን ጎማ ከሸሪፋ በመጣው ቸርኬ ላይ አገባው። ከጎሚስታዎቹ ያገኘው ሦስተኛው ሬሳ ነበር፤ ነፋስ ስለማይዝ የጤፍ ጭድ ጠቅጥቆ ሞላውና በሁለተኛው ቸርኬ ላይ አሰረው። አራተኛ ግን ጠፋ። ለአራተኛው ከሱቁ የተወላገደ ቸርኬ አግኝቶ በመዶሻ አቃንቶታል፤ የሚያለብሰው ጎማ ነው የጠፋው።

የአብዮት በዓል ሲቃረብ ደምመላሽ ሊያይ መጣ። መኪናዋ በሦስት ጎማና በአንድ ድንጋይ ቆማለች። ቀለሙ አንድ ጊዜ ዞራትና በጠመንጃው ጫፍ ጭድ ያለበትን ጎማ ነካው።

«ይኼኛው ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል» አለ።

«ምን ታደርገዋለህ፣ ነዳጅ ተወዷል» አለ ከፍያለው። «በሬ ልጠምድባት ነው።»

ቀለሙ ሳቀ። ደምመላሽ ግን አልሳቀም፤ ጣቱን ቀሥሮ ይቆጥራል።

«ሦስት እግር። ጋሽ ከፍያለው፣ በሦስት እግር የሚቆም ነገር ምን ይባላል?»

«አንካሳ።»

«አይደለም፤ ጉልቻ ነው። ሦስት ጉልቻ ደግሞ ምን ማለት ነው? ቤት ማለት ነው። ሰው ሲያገባ ‹ሦስት ጉልቻ መሠረተ› አይባልም? በራስህ እጅ ቤት መሆኑን አረጋገጥክልኝ።»

ባይነሽ ሁልጊዜ ከአሳቧ አፏ ይቀድማል። «ወይ ጉድ፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ...» ብላ ጀመረች።

ሁላችንም የቀረውን እናውቀዋለን፤ «ወጥ አያጣፍጥም» ነው። በዚያ ዘመን ይህ ተረት ስለ ወጥ ብቻ አይመስልም፤ መንግሥት ተለወጠ እንጂ ምን ተሻለ እንደ ማለት ያስቆጥራል። ዶሮዋ ስትጭር ተሰማን። ቀለሙ ወደ ደምመላሽ አየ። ደምመላሽ ወደ ሰማይ አየ።

«...ድስቱ ይሰበራል» አለች ባይነሽ።

«እንዲህ የሚባል ተረት አለ?» አለ ቀለሙ።

«በእኛ አገር አለ» አለች። ተወልዳ ያደገችው ከዚያ አጥር ማዶ ነው።

ደምመላሽ ጉሮሮውን ጠረገ። ተረቱን የሰማ መሆኑን ከሚያምን መኪናዋን ለጊዜው ቢተዋት ሳይሻለው አልቀረም። «በበዓሉ ዋዜማ እመጣለሁ። አራተኛው ካለ መኪና ነው» ብሎ ወጣ።

በሁለተኛው ቀን ሸሪፋ ጎማ ማግኘቷን ላከችበት። በዚህኛው መልእክት «ጎማ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ተነግሯል። ከፍያለው ያቃናውን ቸርኬ ይዞ በአውቶቡስ ወረደ። ሲሄድ ባልዲውን ረስቶ ነበር፤ ተመልሶ ወሰደው። «ሸሪፋ ቤት ባልዲ አይጠፋም» ብዬዋለሁ። «የሷ ባልዲ ጎማ ነው፤ ጎማን በጎማ አላጥብም» አለኝ። ከእሱ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ሆነ። የተሻለ ቃል ይኖራል፤ እኛ የደረሰን ይሄ ነው።

ሸሪፋ የቀረውን ከቀብር በኋላ ነገረችኝ። ጎማውን አጠበውና ዙሪያውን አየው።

«እቴ ሸሪፋ፣ ይቺ ሕያው ናት» አላት።

«አልሐምዱሊላህ!»

«ለኛ በዛች። ትንሽ የታመመ የለሽም?»

«አያ ከፍያለው፣ አንተ ሰው ጤና ሲሰጡህ በሽታ ትለምናለህ?»

ሳቀ። ቸርኬው ላይ አገባው፣ ነፋው፣ አንከባልሎ አየው። ቀጥ ብሎ ሄደ። ከዚያ ደረቱን ያዝ አድርጎ እዚያው ጎማው ላይ ተቀመጠና ውሃ ለመናት። ጣሳውን ይዛ ስትመለስ ግድግዳውን ተደግፎ አገኘችው። ዕድሜውን ሙሉ ሕያውን ከሬሳ በመለየት ኖሯል፤ ሸሪፋ ግን ቁጭ ያለ መስሏት ውሃውን ዘርግታ ቆየች።

ለቅሶው ላይ ዝናቡ አልለቀቀንም። ድንኳኑ ሲያፈስ ሰዎች መኪናዋ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ደምመላሽም መጣ፤ መሪው ጋ አስቀመጡት። እጁን የት እንደሚያደርግ ጨንቆት መሪውን ይዞ ተከዘ። ጣራው ጠብ አላለም። ቀለሙ የጎማ ጫማውን ተጫምቶ ወንበር ሲያመላልስ ዋለ፤ ካለቀሱት አንዱ እሱ ነው።

መምሬ ወልደ ሚካኤል ከገራዶ በበቅሎ መጡ። አጠገቤ ተቀመጡ። ወደ ጆሮዬም ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ለጴንጤ ደወል አይደወልም» አሉኝ። «ግን የሰው ንብረት ነውና፣ ጠዋት ቸርኬውን ነካ አደረግሁት።»

ደምመላሽ ሲሰናበት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ ሙሉ፣ ስለዚያ ነገር አያስቡ። አርባው ይውጣ» አለኝ። እኛ ጴንጤዎች አርባ አናወጣም። ባይነሽ ይህን ልትነግረው አፏን ስትከፍት እግሯን ረገጥኩት። የአብዮት በዓል መጣ፣ ሰልፉ በደጃችን አለፈ፣ ማንም ወደ ጓሮ አልገባም። አርባው ካለፈ በኋላ ደምመላሽ መንገድ ላይ አገኘኝና «ሙት ዓመቱ መቼ ነው የሚሆነው?» አለኝ። «ነሐሴ ነው» አልኩት። ይህም ሐሰት አይደለም። «እንግዲያው እስከዚያ ይቆይ፤ ሐዘን ላይ ያለ ቤት አይነካም» አለ። ቤት ያለው የቱን እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም።

እሑድ እሑድ እኔና ባይነሽ እንገባባታለን። መሪው ጋ ማንም አይቀመጥም። አጥሩ ላይ ትጠብቀን የነበረችው ጎረቤታችንም አሁን የት ደረሳችሁ አትለንም።

ጎማው ከፒክአፑ ከወረደ ጀምሮ የመኪናዋን ጎን ተደግፎ ቆሟል። ዓለማየሁ ሁለት ጊዜ ሊገጥመው መጣ፤ ቆይ አልኩት። ከተገጠመ ያቺ አንዲት ሕያው ጎማ መኪናዋን ታስወስዳታለች ብዬ እፈራለሁ፤ ካልተገጠመ ደግሞ ነሐሴ ይመጣል፣ የቀለሙም ቤት ትሆናለች። ከፍያለው ቢኖር መላ አያጣለትም ነበር። በየሳምንቱ አጥበዋለሁ፤ ነፋሱን አልለቀቀም። አሁን ሰኔ ገብቷል። ድንጋዩ አልወጣም፤ አራተኛው ጎማ አልተገጠመም።